ሞተር ብስክሌቱን ከቫኑ ኋላ ልጫነው ወይስ ልተወው?

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። መኝታ ባለው ቫኔ ኋላ ላይ ሞተር ብስክሌት ጭኜ ለሙከራ ስነዳ መሪው በጣም ቀለለብኝ፤ ደነገጥሁ። ሞተሩ 120፣ መሸከሚያው 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በፊትና በኋላ አክስሎች (ጎማዎቹ በተገጠሙባቸው ዘንጎች) መካከል 4 ሜትር አለ፤ ጭነቱ ከኋላው አክስል 2 ሜትር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሳሰላው የኋላው አክስል 225 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል፤ ከፊተኛው ደግሞ 75 ይነሣል። ለኋላው አክስል ከተፈቀደው ክብደት የቀረኝ 240 ብቻ ነው፣ ያውም የውኃው በርሜል ባዶ ሆኖ!

የኋላውን ሞላ ማጠናከር የተፈቀደውን ክብደት እንደማይጨምር ይገባኛል። ታዲያ ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት ማዛወሩ ይበቃኛል ወይስ ተጎታች ልግዛ? በአራት ማሰሪያ ብወጥረውም በየጉድጓዱ እየላላ ሞተሩ ይወዛወዛል። ከኋላዬ የሚመጣው ቤተሰብ ላይ ቢወድቅስ? እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዝ ማቆሚያ የሞከራችሁ፣ ምን ያህል ያግዛል?