በመስኮትና በፍሎረሰንት መካከል የሞዴሏ ፊት አረንጓዴ እየሆነ አስቸገረኝ

ቦታው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ አዳራሽ ነው። ፈቃድ አለን፤ ፍላሽና ትራይፖድ ግን ክልክል ነው። በእጄ ያለው ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) እና የብርሃን ቀለሙ ከ3200 (ቢጫማ) እስከ 5600 ኬልቪን (እንደ ቀን ብርሃን) የሚቀያየር ትንሽ የባትሪ ኤልኢዲ መብራት ነው።

በግራ ትልቅ መስኮት፣ ከላይ ደግሞ የፍሎረሰንት አምፖሎች አሉ። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) 5500 ላይ ሳደርገው በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጯ ደህና ይወጣል፤ ግንባሯና የጥላው ወገን ግን አረንጓዴ ይመታል። ለአምፖሉ ሳስተካክለው ደግሞ የመስኮቱ ወገን ወደ ሮዝ ይሄዳል።

በሳይለንት ሻተር (ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተር) የመጡትን ጥቋቁር ሸንተረሮች መካኒካል ሻተር በ1/100 ሰከንድ ፈታቸው፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ከዚያ ማፍጠን አያዋጣም። አሁን ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ክፍተት)፣ አይኤስኦ 800 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ላይ ነኝ።

ኤልኢዲውን በ5600 በጥላው በኩል ባስጠጋውም አረንጓዴውን አሳሳው እንጂ አላጠፋውም። ሞዴሏን መስኮቱ ሥር ማቆም ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ደረጃውና ምሰሶዎቹ ከፍሬም ይወጣሉ፣ የመጣነው ደግሞ ለእነሱ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ በማስክ (በኮምፒውተር ክፍሉን ለይቶ) ማረም አይገፋም።

አምፖሎቹን ማጥፋት ካልተቻለ፣ ኤልኢዲው ላይ አረንጓዴ ጄል (ባለቀለም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) አድርጌ ከጣሪያው ጋር ላመሳስለው፣ ወይስ በመስኮቱ ቀለም ትቼው የጣሪያውን ብርሃን ከራሷ በላይ በጥቁር ጨርቅ ልከልለው?