36 ሳምንት ሞላኝ፤ የቱ ነው ምጥ? መቼስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ አዘዞ ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ሆዴ አልፎ አልፎ ድንጋይ ይሆንና ይለቀኛል። አማቴ ደግሞ ተልባ ጠጪ፣ ሆድሽንም በቅቤ ታሺ ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦ እህት ዓለም፣ አልፎ አልፎ ድንጋይ ሆኖ የሚለቅሽ ብዙ ጊዜ የውሸት ምጥ ነው። ውሃ ጠጥተሽ በግራ ጎንሽ ጋደም ስትይ ወይም ስትራመጂ ይተውሻል። እውነተኛው ብትተኚም ብትራመጂም አይተውም፤ ብዙ ጊዜ ከወገብ ተነስቶ ወደ ሆድ ይዞራል፣ እየተቀራረበና እየበረታ ይሄዳል። ሰዓት ይዘሽ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ቁጠሪ። 37 ሳምንት ሳይሞላሽ እንዲህ ከጀመረሽ ሳትጠብቂ ሂጂ፤ ከሞላሽ በኋላ ግን በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ያህል እየቆየ 1 ሰዓት ከዘለቀ ወደ ጤና ጣቢያ ተነሺ። ከ37 ሳምንት በኋላ ደም የነካው ዝልግልግ ፈሳሽ ብቻ ካየሽ ግን አትደንግጪ፣ ምጡ እስኪጀምር ቀናትም ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ካየሽ ግን ለባለሙያ ተናገሪ።

መልስ፦ በተልባው አልጣላም፤ ምግብ ነው፣ ድርቀትም ያቃልላል። የሚሄደው ግን ወደ አንጀት እንጂ ወደ ማህፀን አይደለምና ልጁን አያንሸራትትም። መታሸቱን ግን እንቢ በይ! ሆድ በኃይል ሲጫኑት እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል፤ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ከውጭ ላይታይም ይችላል። ጤና አዳም አፍልቶ መጠጣትና የጉሎ ዘይትም ይቅርብሽ፣ ማህፀንን ያኮማትራሉ። ማስረዳቱ ከከበደሽ አማትሽን በቀጠሮሽ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከባለሙያ አፍ ሲሰሙት ይቀላል።

መልስ፦ የ5 ደቂቃው ምክር ለአዘዞ ይሠራል። ከቆላ ድባ ገባ ብላችሁ ያላችሁ ግን በክረምት ጭቃ እሱን አትጠብቁ። ጤና ጣቢያችሁ የእናቶች ማቆያ ካለው ከመውለጃችሁ ቀን 2 ሳምንት ያህል ቀድማችሁ ግቡ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ሕመም ባይኖርም ወዲያው ሂዱ፤ ሲዘገይ ኢንፌክሽን ይገባል። ንጹሕ ሞዴስ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ፣ ሰዓቱንም ያዙ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ውስጥ ተጸዳድቷል ማለት ነው፣ ለአዋላጇ ቀድማችሁ ንገሯት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እግሬም ያብጣል፤ በ36 ሳምንቱ ቀጠሮስ ምን ላስመርምር?

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦ ማታ ማታ እግር ማበጡ የተለመደ ነው። ፊትሽና እጅሽ ካበጡ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ግፊትሽ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያኑ ቀን መታየት አለበት። በቀጠሮሽ ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የደም መጠንና የልጁን አቀማመጥ አስዪ። በመቀመጫው ከመጣ የት እንደምትወልጂ ከአሁኑ ይወሰናል። የብረት እንክብሉን ከሻይና ከቡና አርቀሽ ዋጪ። ካርድሽን፣ ጋቢና የሕፃን ኮፍያ በአንድ ቦርሳ አዘጋጂ፣ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል። የልጁ እንቅስቃሴ የቀነሰ ከመሰለሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ቁጠሪ፤ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ፣ ወይም ቀይ ደም ከፈሰሰሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።