የገጸ ባሕሪን የኋላ ታሪክ ስንቀይር ተጫዋቹ የወደዳትን ልጅ እንዳናጣት

ታቦር_ግርጌ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። በስልክ የሚጫወቱት ባለ ሁለት አውታረ መጠን (2D) የፍልሚያ ጌም ጎዶት በሚባል የጌም መሥሪያ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ብርቄ ትባላለች። ሌሊት ፋኖስ ይዛ ሐይቁ ላይ የምትወጣ ዓሣ አጥማጅ ናት፤ የምትዋጋውም በመረብና በመቅዘፊያ ነው። ለሙከራ ባወጣነው የመጀመሪያ ክፍል ስለ አስተዳደጓ የሚነገረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አባቴ መረቡን ሊያነሣ ወጣ፤ መረቡ ብቻ ተመለሰ።»

ለሁለተኛው ክፍል ታሪኩን አስፋፍተነዋል። አሁን የመጨረሻው ቦስ (ትልቁ ጠላት) የእናቷ ገዳይ ነው። ብርቄ ሐይቁን ከሚጠብቅ ጥንታዊ ዘር የተወለደች ናት። ዳር ላይ ተቀምጠው መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌ ደግሞ አጎቷ ሆነው ይገኛሉ። መግቢያው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚፈጅ በድምፅ የተነገረ ትረካ ሆኗል። ሥዕሉም፣ ምቱም፣ ፍጥነቱም አልተነካም። ሆኖም የመጀመሪያውን የሞከሩ ልጆች አዲሱን ሲያዩ «የድሮዋ ትሻላለች» ይላሉ፤ ለምን ሲባሉ ግን መልስ የላቸውም።

የቱን ብንቀይር ይቻላል፣ የቱን ባንነካ ይሻላል? ልዩነቱንስ ከግምት ባለፈ እንዴት እንለካለን?

አዋሽ_ማዶ (አዳማ)

ተጫዋች ገጸ ባሕሪን መጀመሪያ የሚያውቃት በጣቱ ነው፤ ታሪኳን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ታሪክ ሲመጣ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ በየደቂቃው ለሚያደርገው ድርጊት ምክንያት ይሰጠዋል ወይስ የነበረውን ይነጥቀዋል?

የናንተን በዚህ ብታዩት ቶሎ ይገለጣል። በመጀመሪያው ክፍል ብርቄ የምትወረውረው መረብ ያለ አባቷ የተመለሰው መረብ ነው። ይህን ማንም አላብራራም፤ ግን ተጫዋቹ መረቡን በወረወረ ቁጥር አባቷ ጀምሮ የተወውን ሥራ ይሠራል። በአዲሱ ታሪክ ሐዘኑ ወደ እናት ዞረ፣ ችሎታው ወደ ዘር ዞረ፣ መረቡ ተራ መሣሪያ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ስም ያጡለት ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጎድ ኦቭ ዋር የሚባለውን ጌም ተመልከቱ (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የ2005ቱ ዋና ገጸ ባሕሪ ክሬቶስ ቆዳው የነጣው በገዛ እጁ የገደላቸው ሚስቱና ልጁ አመዳቸው ስለተጣበቀበት ነው። በ2018 ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ወደ ኖርስ አማልክት ምድር ሲወስደው፣ መጥረቢያ ሲያስይዘውና አትሬየስ የሚባል ወንድ ልጅ ሲሰጠው ያን ሁሉ አልሰረዘም። ሰንሰለት ያቃጠለውን ክንዱን በጨርቅ ጠቀለለው፤ የድሮ ሰይፎቹን ከቤቱ ወለል ሥር ደበቃቸው። ልጁ ታሞ ወደ ሄልሃይም መውረድ ግድ ሲሆን፣ የበረዶው መጥረቢያ እዚያ ስለማያዋጣ ወለሉን ከፍቶ ያወጣቸዋል። የ2005ቱን የተጫወተ ሰው ያንን አመታት ጣቱ ያስታውሰዋል። ድሮ የበቀል የነበረው ምት አሁን ልጅ ለማዳን ይመታል። ድርጊቱ እዚያው አለ፤ የተቀየረው ምክንያቱ ነው።

የ2023ቱ የፍልሚያ ጌም ሞርታል ኮምባት 1 ስኮርፒየን በሚባለው ተዋጊ ላይ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስኮርፒየን ከ1992 ጀምሮ ሰብ ዜሮ በሚባል ባላጋራው እጅ ተገድሎ ለበቀል ከሞት የተመለሰ ሰው ነበር። ባለ ገመዱን ጦር ሰክቶ ባላጋራውን ወደ ራሱ መጎተቱ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል፦ የገደለኝ ሰው ከእጄ አይወጣም ማለት ነው። በአዲሱ የጊዜ መስመር ስሙን የያዘው ኩዋይ ሊያንግ፣ የሰብ ዜሮ የገዛ ወንድም ነው። ጦሩ አለ፣ እሳቱ አለ፣ ቢጫው ልብስ አለ። መገደሉና ከሞት መመለሱ ግን ቀርቷል። የወንድማማች ጠብ በራሱ ጥሩ ድራማ ነው፤ ለዚያ ጦር ግን የቀድሞውን ያህል ምክንያት አይሆነውም።

ስለዚህ አባቷን መልሱ። እናትየዋ መሞት ካለባት ሞቷ ከመረቡ ጋር በሆነ መንገድ ይያያዝ፤ ካልተያያዘ ይውጣ።

ሶደሬ_መንገድ (አዳማ)

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን የቱም ሬይደር ጌም ጀግና ላራ ክሮፍት ትቃወምሃለች። በ1996ቱ ቱም ሬይደር መመሪያ መጽሐፍ ላይ በ21 ዓመቷ ሂማልያ ላይ ከወደቀ አውሮፕላን ብቻዋን የተረፈች የሀብታም ልጅ ናት። በ2006ቱ «ቱም ሬይደር፦ ሌጀንድ» አደጋው ወደ 9 ዓመቷ ወረደ፤ እናቷም አብራ ነበረች። በ2013 ደግሞ ሁሉም ተጥሎ ያማታይ ደሴት ላይ መርከብ የሰበረባት ወጣት ሆነች። ሁለቱ ሽጉጦቿ ሳይቀሩ ለቀስት ቦታ ለቀቁ፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ ተቀበላት። ድርጊቱም ምክንያቱም ተቀይሮ ሠርቷል ማለት ነው።

አዋሽ_ማዶ (አዳማ)

ትክክል ነህ፣ ልዩነቱን ማስቀመጥ ነበረብኝ። የ2013ቱ «እንደገና ጀመርን» ብሎ የመጣ ነው፤ ለቀድሞዋ ላራ ቀጣይ ነኝ አላለም። ታቦር_ግርጌ ግን የሚሠሩት ሁለተኛ ክፍል ነው። ያው ሴቭ ፋይል (ተጫዋቹ የደረሰበት የሚቀመጥበት)፣ ያቺው ልጅ።

በዚያ ላይ የ2013ቱም ቢሆን የተተቸበት ነጥብ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ታሪኩ የመጀመሪያውን ሰው ስትገድል እጇ እንደተንቀጠቀጠ ያሳያል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጨዋታው ብዙዎችን እንድትጥል ያዛታል። ትረካው ስለ አንዲት ልጅ ያወራል፣ ጣት ስለ ሌላ። አዲስ የኋላ ታሪክ ስትጽፉ «እንዲህ ያደገ ሰው በ1 ደቂቃ ስንት ጠላት ይጥላል?» ብላችሁ ደረጃዎቹን ቁጠሩ። የማይገጥም ከሆነ ወይ የጠላቱን ቁጥር ቀንሱ ወይ ታሪኩን አጠንክሩ።

ዳግም መጀመር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የዴቪል ሜይ ክራይ ጌምን እንደገና የጀመረው የ2013ቱ ዲኤምሲ ዋና ገጸ ባሕሪውን ዳንቴን ከግማሽ ሰው ግማሽ ጋኔን ወደ ግማሽ መልአክ ግማሽ ጋኔን ቀየረው። ፀጉሩንም አመሉንም ለወጠ፤ የድሮዎቹ ደጋፊዎችም አልተቀበሉትም። በ2019 የወጣው ዴቪል ሜይ ክራይ 5 ወደ ቀድሞው ዳንቴ ተመለሰ። ግን ጥፋቱን ሁሉ በታሪኩ ላይ አትጫኑ፤ በጊዜው ኮንሶሎች (የቴሌቪዥን ጌም ማሽኖች) ላይ የቀድሞዎቹ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ሲሄዱ እሱ በ30 ነበር የሄደው። ጣት ይህንንም ይቆጥራል።

የተጫዋቹን ድካም የሚሽር ታሪክ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የ2010ሩ ሜትሮይድ አዘር ኤም ጀግናዋን ሳሙስን አብዛኞቹን መሣሪያዎቿን ይዛ ያስገባታል፤ ግን አዛዧ አዳም ፈቃድ እስኪሰጣት አትጠቀምባቸውም። ከሙቀት የሚጠብቃትን ልብስ ሳይቀር እሳት ውስጥ እየተቃጠለች ፈቃድ ትጠብቃለች። የቆየ ጠላቷን ሪድሊን ስታይ ደግሞ እንደ ሕፃን ትደነዝዛለች። ሪድሊን ከዚያ በፊት ተጫዋቹ በገዛ እጁ ደጋግሞ አሸንፎታል! ያ ፍርሃት ምክንያት አለው፤ ግን ምክንያቱ ቀድሞ በወጣ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ውስጥ ነው ያለው፤ ጨዋታው ውስጥ የለም። ሰው ያልተጫወተው ነገር የተጫወተውን ሲሽርበት ይቆጣል፣ እውነትም አለው።

የናንተው «ጥንታዊ ዘር» በትንሹም ቢሆን ይህን ያደርጋል። ተጫዋቹ በ3ኛው ደረጃ 20 ጊዜ ወድቆ የተማረውን ውርወራ «በደሟ ነበረ» ትሉታላችሁ።

ፍቅር_ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

የጻፍኩት ስለ ቋንቋው ነው፤ እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ችግር አለብን። በአማርኛ ዝምድና ሲቀየር ግሡ ሁሉ ይቀየራል።

ሽማግሌው በመጀመሪያው ክፍል ባዕድ ስለሆኑ ብርቄ «እርስዎ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «አንቺ ልጅ» ይሏታል። አጎቷ መሆናቸው ሲገለጥ ምን ትላቸዋለች? «አጎቴ፣ አንተ» የሚባልበት ቤት አለ፤ «ጋሼ» ብሎ «እርስዎ» የሚልም አለ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ወስኑ። ወደ «አንተ» ከገባችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ብቻ ሳይሆን የተልዕኮ ዝርዝሩ («ሽማግሌውን አናግሪያቸው»)፣ የዕቃ መግለጫው («የሚጠግኑት መረብ») እና የካርታው ጽሑፍም ይከተላል። አንዱ ጥግ ላይ «ይጠግናሉ»፣ ሌላው ላይ «ይጠግናል» ከቀረ ተጫዋቹ ሁለት ሰው ያሉ ይመስለዋል። የኔ ምርጫ «እርስዎ»ን አትልቀቁ ነው፤ ቃሉ «አባባ» ከሚለው ወደ «ጋሼ» ብቻ ይሻገር። አንዲት ቃል ስትቀየር ሐበሻ ጆሮ ይሰማታል፣ ሥራውም በብዙ ይቀልላል።

የመቆጣጠሪያ ትእዛዞችን ከዚህ አውጧቸው። «ዝለይ» ካላችሁ ለብርቄ ነው፣ «ዝለል» ካላችሁ ስልኩን ለያዘው ልጅ ነው። «መዝለል»፣ «መወርወር» በሉትና ከታሪኩ ጋር አይነካካም።

ምሥጢሩን ስለመትከል፦ ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለው ጌም በ1997 የዋና ገጸ ባሕሪውን የክላውድን ታሪክ ራሱ አፍርሶታል። በትውልድ መንደሩ በኒበልሃይም ሠራሁ ብሎ የሚተርከው የዋናው ወታደር ሚና ዛክ የሚባል ጓደኛው ሆኖ ተገኘ፤ ደጋፊው ግን ተታለልኩ አላለም። ፍንጩ ከመጀመሪያው ነበራ! የልጅነት ጓደኛው ቲፋ ትረካውን ስትሰማ ታመነታለች፤ በትረካው ውስጥ የተነሡት ፎቶግራፍ በኋላ ሲታይ ክላውድ ቆሜ ነበር ባለበት ቦታ ዛክ ነው የቆመው። ለእናንተ የኛ ስም አጠራር ፎቶግራፉን ይተካል። ብርቄ ጸጋዬ ወልዴ ብትባልና 1ኛው ደረጃ ላይ የጀልባዋ ወረቀት ላይ ሙሉ ስሟ ቢጻፍ፣ ሽማግሌው መደብ ላይ ባለ ደብተር ደግሞ «ሞላ ወልዴ» የሚል ቢታይ፣ ማንም አማርኛ አንባቢ የአባቷ ወንድም መሆናቸውን ከወረቀት ያነባል። ትረካ አያስፈልገውም። ልብ ያለው በ3ኛው ደረጃ ይደርስበታል፣ ሌላው ሲገለጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየዋል።

«ጥንታዊ ዘር» የሚለውን እኔም አልወደድኩትም። ሙያ አድርጉት። በሲዳማ የፍቼ ጨምበላላ ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተከታትለው ነው፤ ይህ እየተጠና የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። በዓሉ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እንዳሻችሁ የምትቆራርጡት ተረት አይደለም። ሰማይ አይቶ መውጣትን ከማን እንደተማረች ብትጽፉ ያምራል፤ ግን ጽሑፉን ከመቅዳት በፊት ባህሉን ለሚያውቁ የሲዳማ አባቶች አንብቡላቸው።

ታቦር_ግርጌ (ሐዋሳ)

እህቴ፣ የስሙ ነገር በጣም ጥሩ ነው፤ እንወስደዋለን። አባቷን እንመልሳለን፣ ዘሩን እናወጣለን። የቀረው መለካቱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሱ ልጆች ሴቭ ፋይል አላቸው፤ ለእነሱ ምን እናድርግ?

ሶደሬ_መንገድ (አዳማ)

ለመለካት 12 ሰው ይበቃችኋል፤ 6ቱ የድሮውን፣ 6ቱ አዲሱን ይጫወቱ። አንድ ሰው ሁለቱንም አይይ፤ ቀድሞ ያየው ፍርዱን ያዛባበታል። ይህ የእናንተንም የ«ትሻላለች» ፍርድ በከፊል ያብራራል፣ ሁሉም የድሮዋን ቀድመው ነው ያዩት። ጌም ቤት ውስጥ ከሆነ ወንበሩን ከኳስ ጨዋታው ራቅ አድርጉ፤ በጫጫታ ንግግር አይሰማም። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ።

«ወደድካት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፣ ሁሉም «አሪፍ ናት» ይላል። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ማን ናት? ለምን ትዋጋለች? ከዚህ በኋላ ምን የምታደርግ ይመስልሃል? መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉ። ከ6ቱ 4ቱ ስለ መረቡ ሳይጠየቁ ካነሡ ታሪኩ ይዟል። «እናቷን ገድለውባት» ብቻ ካሉና ቀጥሎ የምታደርገውን መገመት ካልቻሉ አልያዘም። 12 ሰው ስለ ገበያ አይናገርም፤ የት እንደሚደናቀፉ ግን በደንብ ያሳያል።

ንግግር የሚዘለልበትን ቦታ ኮዱ ራሱ ይመዝግብ፦ የመስመሩ ቁጥርና ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደተዘለለ። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በጣም ረዝሟል። ተጫዋቹ በ30 ሰከንድ ውስጥ መቅዘፊያውን ይያዝ፤ የቀረውን ሐይቁ መሐል ሲደርስ ንገሩት።

ጽሑፉ ኮድ ውስጥ ተበትኖ ከሆነ አሁኑኑ ወደ አንድ የሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የጽሑፍ ፋይል) ሠንጠረዥ አውጡት፤ ጎዶት በቁልፍ ስም ያነበዋል። አራት ዓምድ ይኑረው፦ ቁልፍ፣ የድሮ ጽሑፍ፣ አዲስ ጽሑፍ፣ የድምፅ ፋይል ስም። ከዚያ «እናት»፣ «ዘር»፣ «ጠባቂ» የሚሉትን ፈልጉ። የሚረሳው ሁልጊዜ የዕቃ መግለጫና የሽልማት ጽሑፍ ነው።

ስለ ሴቭ ፋይሉ፦ ውስጡ የክፍል ቁጥር ጻፉበት። የድሮው ቁጥር ሲነበብ አዲሱን መግቢያ አታጫውቱ፤ ልጁ የሚያውቀውን እንደ አዲስ አትንገሩት። ጀልባዋ ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን ስላላየው በ2ኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ያቀብሏት። እሱን ሳያነብ ወደ ፊት የሚያልፍበትን መንገድ ዝጉ፤ አለበለዚያ ደብተሩ ላይ ያለው «ሞላ ወልዴ» ለእሱ ትርጉም አይኖረውም።