የዓመት ፈቃዴ የማን ነው?

አወያይ፦ ክረምቱ ገባ። ተማሪ ቤት ተዘጋ፤ ቦሌም እንግዳ መቀበል ጀምሯል። የዚህ ሳምንት ክርክራችን ከአንዲት አባላችን የመጣ ነው። ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ለዘመድ ጥየቃ የማዋል ግዴታ አለበት ወይስ የራሱ ነው? አያይዘንም፣ ቤተሰብ መጠየቂያ ሌላ ፈቃድ በሕግ ይጨመርልን ወይ? ስድብ የለም፣ ስም መጥራት የለም። ጠያቂዋ ትጀምር።

የደሴዋ፦ አዲስ አበባ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ 18 ቀን ፈቃድ አለኝ። ቅዳሜ ስለምንገባ ቅዳሜም ከዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ልክ ሦስት ሳምንት ነው። አምስት ክረምት ሙሉ ፈቃድ ስወጣ ደሴ ነው የምገባው። እናቴን እወዳታለሁ፣ እሱ አያከራክርም። ግን አላርፍም። አንድ ቀን አክስቴ ዘንድ፣ አንድ ቀን ኮምቦልቻ አጎቴ ዘንድ፣ አንድ ቀን ክርስትና እናቴ ዘንድ። አንዱ ቤት በልቼ ሌላው ቤት አልበላም ካልኩ ኩርፊያ ነው። ዝናቡና ጭቃው ሳይነሳ። ስመለስ ጣርማ በርን በጉም ስናልፍ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ዕረፍቴ እሷ ናት።

ዘንድሮ የሃይስኩል ጓደኞቼ አራት ሆነን አንድ ሳምንት ላንጋኖ እንሂድ ተባባልን። አራታችንም አንድ ላይ ከተገናኘን 9 ዓመት አልፎናል። ለቤት ስነግር ወንድሜ፣ «እናትሽ በር በሩን እያየች አንቺ ሐይቅ ዳር ትተኚ?» አለኝ። ሁለቱን ሳምንት ደሴ እሆናለሁ እኮ ነው ያልኩት!

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ መጀመሪያ ሕጉ ይቅደም። የግሉ ዘርፍ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል። የቀድሞው 377/1996 ከ14 ይነሳና በየዓመቱ 1 ቀን ይጨምር ነበር። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አምስተኛው ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ይሆናሉ። 11ኛው ዓመት ላይ ግን በድሮው 24፣ በአሁኑ 21 ነው። ለአዲስ ገቢ ተጨመረ፣ ከቆየው ላይ ተነሳ። ወላጁ ያረጀበት ደግሞ የቆየው ነው።

ፈቃድን ትቶ ብር መቀበል ክልክል ነው፤ ሥራ ስትለቁ ካልሆነ በቀር። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ለምን እንደምትወስዱት ሕጉ አይጠይቅም። እኛ መሥሪያ ቤት ግን ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለች። ሰው ሁሉ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ይሞላታል። «ልተኛ ነው» ብሎ የጻፈ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ስምንት ሰው ያለው ድርጅት ሐምሌ ላይ ሦስቱ ከወጡ ማን ይሠራል?

የደሴዋ፦ ለሐዘንስ ስንት ቀን ነው ያለው?

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ለቅርብ ዘመድ 3 የሥራ ቀን፣ ከደሞዝ ጋር። ለራስሽ ጋብቻም 3 ነው።

የደሴዋ፦ አያችሁልኝ? እናቴ ብትሞት፣ አፌን ይቁረጠውና፣ አሠሪዬ 3 ቀን ይሰጠኛል። በቁሟ ልያት ካልኩ ግን ከራሴ ላይ ነው የሚቆረጠው። የጠየቅኩት 3 ቀን ብቻ ነው እኮ። ለቁም ጥየቃ።

ነርስ፣ ሜሪላንድ፦ እናንተስ አዋጅ ጠቅሳችሁ የምትከራከሩበት አለ። እዚህ አሜሪካ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ስጡ የሚል የፌዴራል ሕግ ጭራሽ የለም። እንደ ቀጣሪው ደግነት ነው። እኔ ሰዓት በሰዓት አጠራቅሜ፣ የበዓል ፈረቃ ሠርቼ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ሦስት ሳምንት አገኛለሁ። ከዚያ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ዳለስ ኤርፖርት ቦሌ፣ 13 ሰዓት ገደማ።

ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከ46ቱ ኪሎ የኔ ልብስ 6 አይሞላም። ሌላው የሰው አደራ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ የስኳር መለኪያ። እሱ ይሁን። የማልችለው ለቅሶውን ነው። ከመጨረሻ ጉዞዬ ወዲህ የሞተ ሁሉ ይጠብቀኛል። በስልክ አልቅሻለሁ፣ ብር ልኬያለሁ፤ በአካል ካልደረስኩ ግን አልደረስኩም። ባለፈው 11 ቤት ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ቤት ሟቹን በመልክም አላስታውሳቸውም። ገብቼ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ውጭ ስንወጣ የ14 ዓመት ልጄ፣ «ማሚ፣ ይሄ ነው ቫኬሽን?» አለችኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ቦሌ አካባቢ ማረፊያ ተከራየሁ። አምስት ሌሊት ብቻ፤ ለመተኛት። እህቴ እስከዛሬ ፊቷ አልተፈታም። ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች፤ እሑድ ሳይቀር።

ባሌ ብልጡ ፈቃዱን ለኳሱ ነው የሚሰጠው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ፣ በየተራ በአንዱ ከተማ የሚያዘጋጀው ውድድር። ኳስ ይባላል እንጂ ሜዳውን የሚያይ ጥቂት ነው። ሰው የሚሄደው አብሮ አደግ ፍለጋ ነው። ባሌ አንድ ዓመት ከክፍል ጓደኛው ጋር ምግብ መሸጫው ድንኳን ጋ ሲተያዩ፣ የያዙትን ሳህን የት እንደጣሉት እንጃ። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከኔ የ11 ቤት እንባ የነሱ ይሻላል።

አስተናጋጇ፦ እህትሽ እዚህ የለችምና እኔ ልናገርላት። የኔም እህት ውጭ ነው ያለችው። እናንተ ስትመጡ የማን ፈቃድ እንደሚያልቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የኛ! አምና ከ17 ቀኔ 9ኙ የሄደው እሷን ስከተል ነው። ኤርፖርት ተቀብሎ፣ ለቅሶ ቤት አድርሶ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ወስዶ፣ ሽሮና በርበሬዋን አስፈጭቶ። ያን ሁሉ ፈቃዴን ሰጥቼ «ልተኛበት» ብላ ሌላ ቤት ብትገባ እኔም እኮርፋለሁ፣ እቴ። ገንዘቡ አይደለም። ቤቴ አልበቃሽም ማለት ነው።

ነርስ፣ ሜሪላንድ፦ ይሄን እህቴ ብላኝ ቢሆን ኖሮ… በቃ፣ ገባኝ። ፈቃድ መውሰዷን እንኳ አላወቅኩም ነበር። እሷም አልነገረችኝ።

የመርካቶው፦ ይሄ የደሞዝተኛ ጣጣ ነው። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ፈቃድ የሚሰጠኝም የሚከለክለኝም የለም። ጉራጌ ነኝ። መስቀል ሲደርስ ሱቁ ይዘጋል፣ ቤተሰብ ተጭኖ አገር ቤት ይገባል። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ለአረፋ። ወንዱ ለሰንጋው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ስታጠራቅም ነው የምትከርመው። «ዘንድሮ ልሂድ ወይስ ልረፍ?» የሚል ክርክር እኛ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ለምን እንደማይከብድ ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ስለሚገባ ነው። አክስትም አጎትም እዚያው ነው፤ አብሬው ከብት ያገድኩት ልጅም ከሐዋሳ መጥቶ እዚያው ነው። እናንተ አንዱ ሐምሌ፣ አንዱ ጥር፣ አንዱ ፋሲካ እየሄዳችሁ ቤት ለቤት ትዞራላችሁ። ከቀኑ ማነስ ይልቅ የጎደላችሁ ቀጠሮ ነው። (ወጪውን አትጠይቁኝ። ጥቅምትን በዱቤ ነው የምገፋው።)

ከሪያድ የተመለስኩ፦ ቀጠሮ ለራሱ ቤት ላለው ነው፣ ጋሼ። እኔ የሁለት ዓመት ኮንትራት ጨርሼ ስመጣ ቀጠሮ የሰጠኝ የለም፤ ሁሉም በር ላይ ነበር የጠበቀኝ። ባዶ እጅ አይገባማ። ለአንዱ ስልክ፣ ለአንዱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአንዱ በግ። በሁለት ወር ውስጥ ያለኝ አለቀና ሌላ ኮንትራት ፈረምኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ መምጣቴን ለእናቴ ብቻ ነገርኩ። ዘመድ ጠላች ተባልኩ። ዛሬ ግን ፀጉር ቤት አለኝ። ለደሴዋ የምለው፣ ሂጂ ላንጋኖ።

የድሮ ካዛንቺስ፦ ስለ ጓደኛ አንድ ሰው ይናገር እንጂ! እዚህ የሚከራከረው ሁሉ ስለ ዘመድ ነው። ዘመድ ጠበቃ ሞልቶታል። ቢቀር የሚቆጣ አለው፣ ሽማግሌ አለው። ጓደኛ ግን ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ማንም «ጓደኛሽን አልጠየቅሽም» ብሎ አይኮንንሽም።

ድሮ ለጓደኛ ፈቃድ መውሰድ አያስፈልግም ነበር። ከሥራ ስመለስ ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ቡና ጠጥተን፣ ኳስ አይተን፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቤታችን ነን። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ተበተንን። አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ሰበታ። አሁን ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ከፈለግኩ ታክሲው ብቻ ቀኑን ይጨርሰዋል። ፈቃድ አሁን ለጓደኛም ያስፈልጋል፤ ይሄ አዲስ ነገር ነው፣ ማንም ልብ አላለውም።

እኛ ጳጉሜን ይዘናል። ያው ደሞዝ የሌላት ወር ናት፤ ብንወጣባትም አይቆጨንም። አምስቱን ቀን ፈቃድ እንሞላለን፣ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። በ2015 ስድስተኛ ቀን ተመርቆልን ነበር። የሚስቶቻችንን አስተያየት እዚህ አልጽፍም።

በኩር ልጅ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የደሴዋ እህቴ፣ እኔ የወንድምሽ ቢጤ ነኝ። የሰባት ልጆች ታላቅ፣ ከእናቴ ጋር የቀረሁት። ሌሎቹ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው።

የሦስቱን ሳምንት ነገር ሁላችሁም ተናገራችሁ። ቀሪውን 49 ሳምንት ማን ነው ያለው? ሌሊት ደም ግፊቷ ሲነሳ ሐኪም ቤት የሚሮጠው፣ መድኃኒቷን የሚቆጥረው፣ «ልጆቼ ለምን አልደወሉም» ስትል የሚያባብለው። እህቶቼ ክረምት ሲመጡ ያን ሁሉ ይረከቡኛል። ሸክሽከው፣ አጥበው፣ አብረዋት ይተኛሉ። እኔ ያኔ ነው የማርፈው። ዓሣ ለማጥመድ ሐይቅ እወርዳለሁ። አንዷ «ዘንድሮ አንድ ሳምንት ቀንሼያለሁ» ስትል የተቀነሰው ከእናቴ ላይ አይደለም፤ ከኔ ላይ ነው። ግን ወንድ ልጅ «ደከመኝ፣ ቶሎ ነይልኝ» አይልም። «እናትሽ በር በሩን እያየች» ይላል።

ምናልባት ወንድምሽ እንዲህ አይደለም። ጠይቂው።

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ይሄ ከሆነ እኔም ያልኩትን ትንሽ ላለዝብ። ለጥየቃ ሳይሆን ለማስታመም ቢባል፣ ያረጀ ወላጅ ላለው፣ በዓመት 3 ቀን ቢሰጥ ይከብደኛል ብዬ አልዋሽም። ሐምሌ ላይ ብቻ አይሁን።

የመርካቶው፦ አየህ፣ ቀጠሮ!

አወያይ፦ ስለ መንግሥት ሠራተኛ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በ1064/2010 አዋጅ መነሻው 20 የሥራ ቀን ነበር። እሱን ሌላ ቀን ለብቻው እናንሳው፤ አሁን መሽቷል። የደሴዋ፣ የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነው።

የደሴዋ፦ ይቅርታ ጠፋሁ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እማዬን ይዤ አዲስ አበባ ልምጣ፣ አንዱን ሳምንት እኔው ጋ ትሁን አልኩት። ይቃወማል ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ከመቼ እስከ መቼ?» አለኝ። በጣም ቶሎ።

እማዬ ስልኩን ነጠቀችው። «ላንጋኖ ውሃው ቀይ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለች። ሐይቅ የምታውቀው ደሴ አጠገብ ያለውን የኛን ሐይቅን ብቻ ነው። ቀይ ሳይሆን ቡናማ ነው አልኳት። ልብሷን ማውጣት ጀምራለች።

የድሮ ካዛንቺስ፦ ደስ ይላል። ለሦስቱ ጓደኞችሽ ነግረሻቸዋል?

የደሴዋ፦ ገና ነው።