ሥልጠናው አለ፣ አመለካከቱ ግን አልተለወጠም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የነርሶች አስተባባሪ ነኝ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 የጀመረውን የኤምኤች ጋፕ ፕሮግራም (የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ያልሆኑ ጤና ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሚያግዝ ነው) ሥልጠና ነርሶቹ ሁሉም ወስደዋል። የድብርትን ምልክቶች ብትጠይቋቸው ልቅም አድርገው ይነግሯችኋል። ካርዱ ላይ «ስኪዞፍሬኒያ» የሚል ሲያዩ ግን ነገር ይለወጣል። በቀደም አንድ ታካሚ ደረቴን ወጋኝ ብሎ መጣ። ነርሷ ካርዱን ገለጥ አድርጋ «ይሄ እኮ የአእምሮ ነው» አለችና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መራችው። ግፊቱን እንኳ አልለካችም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ለሌላው በሽተኛ ነፍሷን አትሰስትም።

ሌላ ሌክቸር እንደማይፈታው ገብቶኛል። የተሻለ የሚሠራው የአእምሮ ሕመም በራሳቸው ላይ ደርሶ ያዩ ሰዎች ከነርሶቹ ጋር እኩል ተቀምጠው ሲያወሩ ነው። እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ሰውየውን መታያ ሳላደርገው እንዴት ልጋብዘው? አንዴ ይበቃል ወይስ ይደጋገም? ደግሞ ነርሶቹ ራሳቸው ሲጨንቃቸው ይደብቃሉ፣ «አበደች» እንዳይባሉ። ከዚያ ልጀምር ይሆን?

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ያልሠራላችሁንም ጭምር ንገሩኝ።