የውቅያኖስ ማዶ በረራ ርቀቱና ሰዓቱ፦ የቱ ድረ ገጽ ይታመናል?

ርቀት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ግሬት ሰርክል ማፐርን ተጠቀሙ። የሁለቱን ኤርፖርቶች ባለሦስት ፊደል መለያ በመሃላቸው ሰረዝ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ከለንደን ሂትሮው እስከ ኒው ዮርክ ጄኤፍኬ ከ5,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። መስመሩ ካርታው ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ ስታዩት ተሳስቷል እንዳትሉ፣ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ካላመናችሁ ግሎብ ላይ በሁለቱ ከተሞች መሃል ክር ወጥራችሁ ያዙ፤ ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ የርቀት ማስያዎች ኪሎ ሜትሩን ለአንድ ቋሚ ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ጥቂት ደቂቃ ጨምረው ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ለመሄጃም ለመመለሻም ያንኑ ቁጥር! እኔ አንዱን አምኜ ወደ ኒው ዮርክ ስበር፣ ሊቀበለኝ የመጣውን ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አቁሜዋለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አትላንቲክ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ኒው ዮርክ ስትሄዱ ከፊት ይገጥማችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ለዚህ ነው መሄጃው 8 ሰዓት ገደማ ሆኖ መመለሻው ብዙ ጊዜ 7 ሰዓት የማይሞላው። በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ንፋሱ ረድቶት ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። መስመሩም ቢሆን በየቀኑ ይለዋወጣል። በአትላንቲክ ምሥራቅና ምዕራብ በኩል ያሉት የሻንዊክና የጋንደር የበረራ ተቆጣጣሪዎች ንፋሱን እያዩ በቀን ሁለቴ አዲስ መስመር ያወጣሉ፤ የቀኑ ወደ ምዕራብ ለሚሄዱ፣ የሌሊቱ ወደ ምሥራቅ ለሚመጡ።

ስለዚህ ለሰዓቱ የኔ ምርጫ ፍላይትራዳር24 ነው። የበረራ ቁጥሩን አስገቡና ያለፉትን ቀናት እዩ፤ በነፃው እንኳን የሰሞኑን ያሳያል። በስሌት የተገመተ ሳይሆን አውሮፕላኑ በትክክል የፈጀው ጊዜ ነው። አምስት ስድስት ቀን ብታነጻጽሩ የንፋሱ ነገር ወለል ብሎ ይታያችኋል። ሰው ልትቀበሉ የምትሄዱ ከሆነም ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እዚሁ ላይ ተመልከቱ።

ትኬት ለመቁረጥና ትራንዚት ለማስላት ግን ጉግል ፍላይትስ ይሻላል። እሱ የሚያሳየው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ተሳፋሪ እስከሚያወርድበት ያለውን ነው፣ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትም አብሮ ተቆጥሯል። ፍላይትራዳር ላይ የምታዩት የበረራ ጊዜ አየር ላይ ያለው ብቻ ስለሆነ አጠር ይላል። ሁለቱን አታምታቱ።

ትኬት ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቀንሳችሁም አታስሉ፣ ሁለቱም የየከተማው ሰዓት ነው። በለንደንና በኒው ዮርክ መሃል 5 ሰዓት ልዩነት አለ። ሁለቱም በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ያደርጋሉ፤ የሚቀይሩበት ቀን ስለማይገጥም ግን በማርች ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ለ1 ሳምንት ልዩነቱ 4 ይሆናል። በነዚያ ሳምንታት የምትጓዙ ታይም ኤንድ ዴት ላይ ገብታችሁ ቀኑን አስገብታችሁ አረጋግጡ።