ሶፍትዌሩ 62 ሚሊዮን በርሜል፣ እጄ 51 ሚሊዮን፤ የቱን ልመን?

የወረኢሉዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደሴ ነው። ጂኦሎጂ ተመርቄያለሁ፤ አሁን አለት ውስጥ ያለ ነዳጅ መጠኑ እንዴት ፔትሬል በሚባለው ሶፍትዌር እንደሚሰላ ራሴን እያስተማርኩ ነው። ሦስት ማታ እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር አለ።

የልምምድ ዳታው ይኸውላችሁ። ጉብ ያለ መዋቅር ነው። ነዳጁ የያዘው ስፋት 4 ካሬ ኪሎ ሜትር። አሸዋ ድንጋዩ 35 ሜትር ይወፍራል፤ ከዚያ ውስጥ 15 ሜትሩ በመሐል በመሐል የገባ ሼል፣ ማለትም ነዳጅ የማይቆጠርበት የሸክላ ድንጋይ ነው። ፖሮሲቲ (አለቱ ውስጥ ያለው ባዶ ቀዳዳ) 18 ከመቶ፣ የውሃ ሙሌት (ከቀዳዳው ውሃ የያዘው) 30 ከመቶ፣ ቢኦ (ከመሬት በታች ያለው ዘይት ላይ ከወጣ በኋላ ካለው መጠን ስንት እጥፍ እንደሆነ) 1.25።

በእጄ እንዲህ ሠራሁት፦ 4,000,000 × 20 × 0.18 × 0.70 ÷ 1.25። 8.06 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መጣ። አንድ ሜትር ኩብ 6.29 በርሜል ስለሆነ በ6.29 ሳበዛው 50.7 ሚሊዮን በርሜል ሆነ። ሶፍትዌሩ ግን 62.1 ሚሊዮን ይለኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና አስኬድኩት፤ ያው ነው።

ያደግኩት ወረኢሉ ነው። ከመሬት ዘይት የሚመነጭበት ቦታ አለ ሲባል እየሰማሁ ነው ጂኦሎጂ የገባሁት። ይህቺን ስሌት ሳልረዳት ማለፍ አልፈልግም።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፖሮሲቲውን 0.18 በማለት ፈንታ 18 ብለሽ እንዳይሆን ነበር። ያ ቢሆን ግን መቶ እጥፍ ይወጣ ነበር። ሼሉን ረስተሽው ቢሆን ደግሞ ልዩነቱ 35 ለ20፣ ማለትም 1.75 እጥፍ ይሆናል። ያንቺ 1.22 ነው። ከዳታሽ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ስህተቱ አንድ ብቻ አይመስለኝም።

የካሉብ ትዝታ፦
ልጄ፣ በርሜሉን ለጊዜው ተይው። ሪፖርቱ የአለቱን ጠቅላላ መጠንም ያወጣል። ስንት ይላል? ኔት ቱ ግሮስ የሚለው ቦታ፣ ከጠቅላላው ውፍረት ንጹሑ አሸዋ ስንት እጅ እንደሆነ የሚሞላበት ላይስ ምን ሞላሽ?

የወረኢሉዋ፦
ጋሼ፣ 98 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይላል። የኔ 4 ሚሊዮን በ35 ሲባዛ 140 ሚሊዮን ነው። ይሄንን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ በርሜሉ ላይ ብቻ ነበር። ኔት ቱ ግሮስ ላይ 1 ብያለሁ። ሼሉን ፖሮሲቲው ራሱ የሚያወጣው መስሎኝ ነበር።

የካሉብ ትዝታ፦
በይ እንግዲህ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ አንቺም፣ ያስገባሽለት ቁጥርም።

ያንቺ ስሌት መዋቅሩን እንደ ሳጥን ነው ያየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ሜትር ሙሉ ነዳጅ። መዋቅሩ ግን አክንባሎ ነው። ምጣድ ላይ የተደፋ አክንባሎ በዓይንሽ ይምጣ፤ ከሥሩ ውሃው ለጥ ብሎ ተኝቷል። መሐሉ ላይ አሸዋው ሙሉ ውፍረቱን ከውሃው በላይ ነው። ወደ ጠርዙ ስትሄጂ ከላይ ክዳኑ ይወርዳል፣ ከታች ውሃው ይይዘዋል፤ የነዳጁ ውፍረት እየሳሳ ሄዶ ዜሮ ይሆናል። ሶፍትዌሩ መዋቅሩን በትንንሽ ሳጥኖች (ሴል) ከፋፍሎ እያንዳንዱን እየቆጠረ ከውሃው በላይ ያለውን ብቻ ይደምራል። ስለዚህ 98ቱ ትክክል ነው፤ 140ው ሳጥን ነው።

ሼሉ ላይ ግን አንቺ ልክ ነሽ። ፖሮሲቲው የተለካው ንጹሑ አሸዋ ላይ ከሆነ ሼሉን አያወጣልሽም። 20 ለ35፣ 0.571 አስገቢ። ያንቺ ሳጥንም፣ ሶፍትዌሩ ላይ የሞላሽው 1ም፣ ሁለቱም ስህተቶች ውጤቱን ወደ ላይ ስለጎተቱት ነው ቁጥሮቹ የተቀራረቡት። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ሰው አማካዩን ወስዶ ያልፋል።

የወረኢሉዋ፦
0.571 አስገባሁ። 35.5 ሚሊዮን በርሜል! በእጄም 98 ሚሊዮኑን ይዤ ሠራሁት፦ × 0.571 × 0.18 × 0.70 ÷ 1.25 × 6.29። ያው 35.5 መጣ። ጋሼ፣ እድሜዎን ያርዝመው። ያቺን የመጀመሪያ 51 ለጓደኞቼ ሁሉ አሳይቼ ነበር፤ ዛሬውኑ አርመዋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የሙያው ሰው አይደለሁም። በዚሁ ሶፍትዌር የወረኢሉው ስንት በርሜል እንደሆነ ማስላት አይቻልም?

የካሉብ ትዝታ፦
ወንድሜ፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እያቸው። ስፋት፣ ውፍረት፣ ፖሮሲቲ፣ የውሃ ሙሌት። ከመሬት የሚመነጭ ዘይት ከእነዚህ አንዱንም አይነግርህም። የሚነግርህ ከታች ዘይት ተፈጥሮ እንደተንቀሳቀሰ ነው። ይሄ ትልቅ ወሬ ነው፣ በርሜል ግን አይደለም። ወሎን የሸፈነው ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ወፍራም ላቫ ነው፤ የመሬቱን ውስጥ ለማየት የሚላከውን የሳይስሚክ ሞገድ ስለሚበትነው ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ማየት ከባድ ነው። አክንባሎው የት እንዳለ ሳይታወቅ ምን ይሰላል?

የወረኢሉዋ፦
እኔም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ መልሴ ከእንግዲህ ይሄው ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ የያዘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ እዚህ እኛ ዘንድ አባይ በረሃ ገደሉ ላይ ገጥጦ ይታያል። ከክረምት በኋላ ወርጄ አሸዋውንና ሼሉን በሜትር እለካለሁ። ኔት ቱ ግሮስን ሰው ከሰጠኝ ዳታ ሳይሆን በገዛ እጄ አንድ ጊዜ ማውጣት እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ የለካሁትን እዚሁ አምጥቼ አሳይዎታለሁ።